የእናቶች ማቆያ ማቋቋም ለምትፈልጉ፦ ከኩሽናው ጀምሩ

ድርስ እናቶች ምጥ እስኪመጣ የሚቆዩበት ቤት ነው፤ ያምር ነበር። አራት ክፍል፣ አዲስ ቆርቆሮ፣ ሰማያዊ በር። አዋላጅ ሆኜ በሠራሁበት የገጠር ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ ከማዋለጃው ሃያ እርምጃ ላይ ነው የተሠራው። የምረቃው ቀን ድንኳን ተጣለ፣ ሪባን ተቆረጠ። በስድስተኛው ወር ግን ባዶ ካርቶንና የተሰበረ ወንበር ተከምሮበት ነበር።

እናቶቹ ሳይመጡ ቀርተው አይደለም። መጥተዋል። አንድ ሁለት ቀን ያድራሉ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ይሄዳሉ። አንዷን ስትወጣ በር ላይ አገኘኋት። «ወዴት ነው እናትዬ? ቀንሽ እኮ ደርሷል» አልኳት። «ያመጣሁት በሶ አለቀ። ቤትም ላሟን የሚያልብ የለ» አለችኝ። በዘጠነኛው ቀን በቃሬዛ ተመለሰች። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። እሷ ተረፈች። ልጇ አልተረፈም።

ከዚያ ወዲህ «ማቆያ ልሥራ» ብሎ ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። ግድግዳው አያስቸግርም። እናት እንድትቆይ የሚያደርጋት ኩሽናውና ትታው የመጣችው ቤት ነው። ይህን የምጽፈው ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች፣ ለቀበሌና ለእድር ሰዎች ነው። ከአዲስ አበባም ከዋሽንግተንም ሆናችሁ «ለትውልድ መንደሬ አንድ ነገር ላድርግ» ለምትሉም ነው።

ማቆያ ምን ይፈታል?

የጤና ሰዎች እናትን በወሊድ የሚገድሉትን ነገሮች «ሦስቱ መዘግየቶች» ብለው ይጠቀልሏቸዋል። ቤት ውስጥ ሳይወስኑ መዘግየት፣ መንገድ ላይ መዘግየት፣ ጤና ተቋም ደርሶ ደግሞ ሕክምና ሳያገኙ መዘግየት። ማቆያ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ምጡ ሳይመጣ ያስቀራቸዋል። ሦስተኛውን አይነካውም።

በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። በዚያው ጥናት በከተማ ከ100 ወሊድ 79ኙ በጤና ተቋም ሲሆን፣ በገጠር ግን 20ው ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። የመንገዱ ርቀት ግን ያው ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እናትን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ጤና ጣቢያው የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ከሆነ፣ ደሙ ከጀመረ በኋላ መሮጥ አያዋጣም።

ማቆያ አዲስ ነገር አይደለም። ጉራጌ ውስጥ ያለው አጣጥ ሆስፒታል ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማቆያ አለው። በዚያ ሆስፒታል ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. የተመዘገቡ 24,148 ወሊዶች ተጠንተዋል። በማቆያው ቆይተው ከወለዱት የሞቱት እናቶች በ100,000 ሲሰሉ 90 ገደማ ናቸው። በቀጥታ ከመጡት ግን 1,333 ገደማ። ሞተው የተወለዱ ልጆች ደግሞ ከ1,000 ወሊድ በማቆያው ከቆዩት 18 ገደማ፣ በቀጥታ ከመጡት 191 ገደማ ናቸው። ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው አመጣው ማለት አይቻልም፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ነገር ከተበላሸ በኋላ የደረሱ ናቸውና። ግን እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ነገር ከመበላሸቱ በፊት ማምጣት ነበረብን።

አንደኛ፦ ጤና ጣቢያው ራሱ ዝግጁ መሆኑን አረጋግጡ

ይህን ሳታረጋግጡ አንድ ብሎኬት አትግዙ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ማቆያን ሲመክር፣ አጠገቡ የማዋለድ አገልግሎት የሚሰጥ ተቋም ይኑር ብሎ ነው። ያለዚያ እናትን ከቤተሰቧ ነጥለን ባዶ ግቢ ውስጥ አስቀመጥናት ማለት ነው።

ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ቀን ሳይሆን ማታ ሂዱ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተረኛ አዋላጅ አለች? መብራት አለ? ከቧንቧውም ባይሆን በበርሜል ውሃ አለ? ደም እንዳይፈስ ወዲያው እንደወለደች የሚወጋው ኦክሲቶሲን አለ? የት ነው የተቀመጠው? ይህ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ሙቀት ላይ ከከረመ ጉልበቱን ያጣል፤ አዋላጇም ወግቻለሁ ብላ ትተማመናለች። ለእርግዝና ደም ግፊት መንቀጥቀጥ የሚሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌትስ አለ? አምቡላንሱ የት ነው የሚያድረው? ነዳጁን ማን ይሞላል?

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር ልለምን። ገንዘብ አሰባስባችሁ ትልቅ መሣሪያ ከመላካችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የሶላር መብራት፣ የመድኃኒት ፍሪጅና የውሃ ታንከር ነው። ፎቶ ላይ ላያምር ይችላል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግን የእናትን ነፍስ የሚያቆየው እሱ ነው።

ሁለተኛ፦ ስንት እናት፣ ስንት እህል? አስሉ

ብዙ ኮሚቴ «ሕዝቡ ድሃ ነው፣ ምግቡን ከየት እናመጣለን» ብሎ እዚህ ጋ ይበተናል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ አስቀምጡት፤ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

አንድ ጤና ጣቢያ 25,000 ሰው ያገለግላል እንበል። በዓመት ከሕዝቡ 3.4 በመቶ ገደማ ነፍሰ ጡር ትሆናለች ብላችሁ ያዙ። 850 እናት ማለት ነው። ሁሉም ማቆያ አያስፈልጋቸውም፤ ቅርብ ያለች ከቤቷ ትመጣለች። ሩቅ ያሉትና ስጋት ያለባቸው አንድ ሦስተኛው ይሁኑ፤ 283። እያንዳንዷ በአማካይ 15 ቀን ብትቆይ 4,245 አዳር ይሆናል። ለ365 ብታካፍሉት 12 አልጋ ይበቃል ማለት ነው። ክረምት ላይ ስለሚበዛ ሁለት ሦስት ፍራሽ ጨምሩ።

አሁን ወደ እህሉ። እናትየዋ ከአስታማሚዋ ጋር ናት። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብንይዝ፣ ለሁለቱ አንድ ኪሎ። በዓመት 4,245 ኪሎ፣ ማለትም 42 ኩንታል ተኩል ገደማ። 42 ኩንታል ሲባል ያስደነግጣል። ግን 25,000 ሰው በአምስት ሰው ቤተሰብ ሲከፈል 5,000 አባወራ ነው። ለአንድ አባወራ በዓመት አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም።

አንድ ኪሎ! አንድ ጣሳ እህል። ይህን ስብሰባ ላይ በጣሳ ይዤ ቆሜ አሳይቼ አውቃለሁ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው «እኛ ለዚህ ነው እንዴ ስንጨቃጨቅ የዋልነው?» አሉ።

ሦስተኛ፦ ኩሽናውን ሥሩ

አዋጡ የምትሉበት ጊዜ ወሳኝ ነው። ሐምሌ ላይ ብትጠይቁ ጎተራ ባዶ ነው፤ ሰውንም ታሳፍሩታላችሁ። ውቂያ ሲያልቅ፣ ጥርና የካቲት ላይ ጠይቁ። እያንዳንዱ ቀበሌ በእድሩ በኩል ይሰብስብ፣ መዝግቦ በአንድ ቀን ያስረክብ። ማን ስንት ሰጠ ብሎ ስም መለጠፍ አያስፈልግም። የቀበሌው ድምር ግን በጤና ጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ። ሰው የሰጠው እህል እናቶች አፍ መድረሱን ማየት ይፈልጋል።

የጎተራው ቁልፍ ሁለት ይሁን። አንዱ ከጤና ጣቢያው ሠራተኛ፣ አንዱ ከማኅበረሰቡ የተመረጠች ሴት ጋር። ሁለቱ ሳይገናኙ አይከፈትም። እህሉ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይቀመጥ፤ አይጥና እርጥበት አንድ ላይ ከገቡ በሁለት ወር ያልቃል።

ለወፍጮ፣ ለዘይት፣ ለጨው፣ ለሽንኩርትና ለማገዶ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል። ጤና ጣቢያው ከውስጥ ገቢው በቦርዱ አስወስኖ መመደብ ይችላል። ካልበቃ ከተሰበሰበው በቆሎ ጥቂቱን ሸጡ። ጓሮ ላይ ጎመን፣ ቃሪያና ካሮት ትከሉ። እናቶቹ ራሳቸው ይኮተኩቱታል፤ ቁጭ ብሎ መዋል ያልለመደ ሰው ሥራ ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ምጣድ፣ ሁለት ትልልቅ ድስት፣ ጀሪካን፣ በርሜል፣ ሰፌድ፣ ሞሶብ፣ ጀበና ከነስኒው። ጀበናውን እንደ ቅንጦት አትዩት። ቡና የማይፈላበት ቤት የሰው ቤት አይመስላትም።

ምግብ አብሳይ አንዲት ቅጠሩ። ደመወዟ በወሩ ይከፈል። «በበጎ ፈቃድ» ብላችሁ የጀመራችሁት በሦስተኛው ወር ይቆማል፤ እሷም ልጆች አሏት።

ስለ ሥጋ አንድ ምክር አለኝ። አካባቢው ክርስቲያንም ሙስሊምም ያለበት ከሆነ ሥጋ ወደ ኩሽናው አይግባ። እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ይብቃ። ያኔ አንድ ድስት ይጣዳል፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል፣ ማንም ቅር አይለውም። ጾምን በተመለከተ ደግሞ የንስሐ አባቶችን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። አንድ ካህን ማቆያው ድረስ መጥተው «ልጆቼ፣ ለነፍሰ ጡር ፈቅጃለሁ፣ ብሉ» ቢሉ የእኔን የአንድ ዓመት ትምህርት ይበልጣል። ረመዳን ላይም ሼኹን እንዲሁ ጠይቁ።

አራተኛ፦ ቤቱ

ቤቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ጭቃ ቤትም ይሆናል፤ ከተለሰነና ጣራው ካላፈሰሰ። ከማዋለጃው ቅርብ ይሁን፤ ምጥ የያዛት ሴት በጨለማ ሽቅብ አትወጣም። በሩ ከውስጥ ይቆለፍ። ሽንት ቤቱ ለብቻው ይሁን፣ መብራት ይኑረው፣ የሚያዝ እንጨት ግድግዳው ላይ ይመታ፤ ድርስ ሴት ቁጢጥ ብላ ለመነሳት ትቸገራለች። የገላ መታጠቢያ ይኑር። አልጋው ዝቅ ይበል። አስታማሚዋ የምትተኛበት ቦታ አይረሳ፤ የሚጠባ ልጅ ያላትም ልጇን ይዛ ትግባ። «ልጅ አይገባም» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈ ማቆያ አውቃለሁ። ከልጁ ጋር እናቱንም መለሷት።

አምስተኛ፦ ማን ትግባ? መቼ?

ቅድሚያ የሚሰጣቸው እነዚህ ናቸው። ሩቅ ያሉ፣ በተለይ ወንዝ ማዶ ያሉ። የመጀመሪያ ልጅ የሚወልዱ ልጅ እግር ሴቶች። አምስትና ከዚያ በላይ የወለዱ። ከዚህ በፊት ልጅ የሞተባቸው፣ ደም የፈሰሳቸው ወይም ምጥ የጠናባቸው። መንታ ያረገዙ። ደም ግፊት ወይም ደም ማነስ ያለባቸው።

ከዚህ በፊት በኦፕሬሽን የወለደችን ሴት፣ ልጁ በማህፀን ውስጥ አቀማመጡ ያልተስተካከለባትንም፣ ጤና ጣቢያ ማቆያ ውስጥ አታስቀምጡ። ጤና ጣቢያ ኦፕሬሽን አይሠራም። ቦታዋ የሆስፒታል ማቆያ ነው፤ ቀድማችሁ ደውላችሁ አልጋ ያዙላት።

መግቢያው ጊዜ ከመውለጃዋ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በፊት ነው። ክረምት ሲሆንና ወንዝ ሲሞላ፣ ወይም መንገድ በሚዘጋበት ክፉ ጊዜ፣ አራት ሳምንት አድርጉት።

እንግዲህ መውለጃዋን ማወቅ አለባችሁ። የእኛ የዘመን አቆጣጠር ለዚህ ይመቻል፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነው። የመጨረሻው ወር አበባ በታየበት መጀመሪያ ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ትጨምራላችሁ። መሐል ላይ ጳጉሜን ካለች፣ በ10 ፋንታ 5 ቀን ብቻ ጨምሩ፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 4። ሁሉም 280 ቀን ይመጣል።

ችግሩ ቀኑን የምታስታውሰው እናት ጥቂት መሆኗ ነው። «ስንተኛው ቀን ነበር?» ብትሏት ዝም ትላለች። «ከየትኛው በዓል በኋላ ነበር?» በሏት። «የጥምቀት ማግስት፣ ልብስ ላጥብ ወንዝ ስወርድ ነው ያየሁት» ትላችኋለች። አገኛችሁት! ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ማግስቱ ጥር 12። ዘጠኝ ወር ጨምሩ፣ ጥቅምት 12። ጳጉሜን መሐል ስላለች 5 ጨምሩ፣ ጥቅምት 17። ሦስት ሳምንት ቀንሱ፣ መስከረም 26 ማቆያ ትግባ። ወርኃዊ በዓላትም ይረዳሉ። ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ማርያም 21፣ መድኃኔ ዓለም 27። ለሙስሊም እናቶች ረመዳንንና ዒድን ያዙ፤ የዚያን ዓመት ቀኑን ግን ካላንደር ላይ አመሳክሩ፣ በየዓመቱ ይቀያየራልና።

ስሟን፣ መንደሯን፣ መግቢያ ቀኗንና ወንዝ ማዶ መሆን አለመሆኗን መዝግቡ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግልባጩን ትያዝ። ቤት ለቤት የምታውቃቸው እሷ ናት።

ስድስተኛ፦ ትታው የምትመጣው ቤት

ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ጉብኝት በሰባተኛው ወር ይሁን። ዘጠነኛው ላይ ብትሄዱ ዘግይታችኋል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ብቻዋን አትሂድ፤ የሰፈሩን የሴቶች ልማት ቡድን መሪ ወይም የልምድ አዋላጇን ይዛ ትሂድ። የልምድ አዋላጆችን ገፍተን ብዙ ከስረናል። እናቶቹ የሚያምኗቸው እነሱን ነው። «እማማ፣ እርስዎ ያምጡልን፣ አብረውም ይቆዩ» ስንላቸው ከማንም በላይ ያግዙናል።

ቤቱ ስትገቡ ስለ ደም መፍሰስ ንግግር አትጀምሩ። «አንቺ ስትመጪ ቤት ማን ይቀራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ አንድ በአንድ ሂዱበት። ላሟን ማን ያልባል? ውሃ ማን ይቀዳል? እንጀራ ማን ይጋግራል? ትንሹ ልጅ ከማን ጋር ያድራል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሰው ስም እስኪገኝ አትነሱ። «እግዜር ያውቃል» የሚለው መልስ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ይመልሳታል።

ባልየው መኖር አለበት። ማሳ ላይ ከሆነ ማሳው ድረስ ሂዱ። አጨዳ ከገጠመ ጎረቤት በደቦ እንዲያግዘው እድሩን ጠይቁ። አንድ ቀበሌ ውስጥ እድሩ ይህን ደንብ አደረገው፤ ሚስቱ ማቆያ የገባች ሰው እርሻው አይቆምም። የቀብር ደቦ ያለው ማኅበረሰብ የወሊድ ደቦ አያቅተውም።

አማትየዋን ግን ከሁሉ በፊት። «እኔ ዘጠኝ ስወልድ ማን አልጋ አነጠፈልኝ ልጄ?» ይሏችኋል። አትከራከሩ። ማቆያውን ይዩት፤ ይዛችኋቸው ሂዱ። አንዲት አማት ትዝ ይሉኛል። ምራታቸው የመጀመሪያ ልጇ ነበር፣ ገና ልጅ ናት። እማማ ክፍሉን አዩ፣ ፍራሹን ጫን ጫን አደረጉ፣ ምንም አላሉም። ኩሽና ገቡና አዲሱን ምጣድ በጣታቸው ዳሰሱት። «ይሄ ምጣድ እኮ አልተሟሸም! በዚህ ነው ልጆቹን የምታበሏቸው?» ብለው ተቆጡ። የጎመን ዘር አስመጡ፣ እሳቱን ራሳቸው አነደዱ፣ ነጠላቸውን አሸርጠው ቁጭ ብለው ምጣዱን ሲያሟሹ አመሹ። ከዚያ «በሉ፣ ልጅቷ ትቆይ፣ እኔም አብሬ እቆያለሁ» አሉ። አሥራ ሰባት ቀን ቆዩ። ሲሄዱ የሰፈራቸውን ድርሶች ስም ቆጥረውልኝ ነው የሄዱት።

ሰባተኛ፦ የማቆያው ውሎ

ማቆያ መተኛ ብቻ አይደለም። አዋላጇ ጠዋት ጠዋት ትዙር። የደም ግፊት ትለካ፣ የልጁን የልብ ምት ትስማ፣ «ልጅሽ ዛሬ ተንቀሳቅሷል ወይ?» ብላ ትጠይቅ፣ ትመዝግብ። ከ140 በ90 ጀምሮ ያለ ግፊት ለሐኪም ይነገር። የብረት ኪኒኗን መውሰዷን ትይ።

ማታ ሲመሽ ተረኛዋ መጥታ በስሟ ትተዋወቅ። «ዛሬ ሌሊት እኔ ነኝ። ምጥ ሲጀምርሽ፣ ሽርት ውሃ ሲፈስሽ፣ ደም ስታዪ በዚህ ደወል ጥሪኝ። ራስ ምታት ከጠናብሽ፣ ዓይንሽ ከተጋረደብሽ፣ ፊትሽ ወይም እጅሽ ካበጠ፣ ካተኮሰሽ፣ ልጁ ጸጥ ካለብሽም እንዲሁ። ለምን ቀሰቀስሽኝ አልልሽም።» የመጨረሻዋን ቃል ከልብ በሏት። ብዙ እናት «እንቅልፏን እንዳላበላሽባት» ብላ ጥርሷን ነክሳ የምታነጋ ናት።

ቀኑ ረጅም ነው። ስፌታቸውን፣ እንዝርታቸውን፣ ጥጣቸውን ይዘው እንዲመጡ ንገሯቸው። ከቡናው ጋር በቀን አንድ ነገር አውሩ። አንድ ቀን ጡት ስለማጥባት፣ አንድ ቀን ስለ እትብት ንጽሕና፣ አንድ ቀን ስለ ቤተሰብ ምጣኔ። ትምህርት አይምሰል። የወለደችው ለምትወልደው ትንገራት።

ማዋለጃውንም አስጎብኟቸው። የሚፈሩት እሱን ነው። ብርዱን፣ ከፍ ያለውን አልጋ፣ የማያውቁትን ወንድ። ምጥ ላይ እያለች ትንቀሳቀስ፣ እናቷ ወይም አማቷ አብራት ትግባ፣ ማርያም ማርያም ትበል፣ ዱዓ ታድርግ። ማንም አይጩህባት። የተሰደበች እናት ተመልሳ አትመጣም፤ ጎረቤቷንም ታስቀራለች። በእኛ ሙያ ይህ ጥፋት አለ፤ ደብቀነው አንለውጠውም።

ስምንተኛ፦ ሪፈር

ማቆያ ውስጥ ያለች እናትም ሆስፒታል ልትፈልግ ትችላለች። ምጧ ከ12 ሰዓት ካለፈ፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ደሟ ካልቆመ፣ የእንግዴ ልጁ በ30 ደቂቃ ካልወጣ፣ ስልኩ በዚያች ቅጽበት መነሳት አለበት። የአምቡላንስ ሾፌሩና የሆስፒታሉ ማዋለጃ ስልክ ቁጥር በትልቁ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ መኪናም ይኑራችሁ፤ የአካባቢው ሚኒባስ ወይም አይሱዙ ባለቤት አስቀድሞ ቃል ይግባ፤ ሒሳቡን እድሩ ይክፈል። የነዳጅ መጠባበቂያ በገንዘብ መልክ ተረኛዋ ጋ ይቀመጥ። ቁልፉ ከተማ የሄደ ሰው ኪስ ውስጥ ከሆነ ገንዘቡ የለም ማለት ነው።

ከእናትየዋ ጋር አዋላጅ ትሂድ። ደም የሚሰጥ ዘመድም አብሮ ይሳፈር።

ዘጠነኛ፦ ከወለደች በኋላ

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚባልበት፣ እልልታው የሚሰማበት፣ ገንፎው የሚገነፋበት ሰዓት ነው። ገንፎውን ማቆያው ያሰናዳ፤ ቅቤው በጾም ከሆነ በዘይት ይሁን። አጥሚትም ይፍላላት። ቤተሰቡ የእንግዴ ልጁን ራሱ መቅበር ከፈለገ በጥንቃቄ አሽጋችሁ ስጡት።

ቢያንስ 24 ሰዓት ትቆይ። አብዛኛው አደጋ የሚመጣው በዚያ ቀን ነው። ደሟን፣ ግፊቷን፣ ሙቀቷን እዩ። ልጁ ይጥባ፣ ከደረቷ ጋር ተጣብቆ ይሙቅ፣ ክትባቱን ያግኝ።

መመለሻዋንም አስቡበት። አምቡላንስ ያመጣል እንጂ አይመልስም የሚል ቅሬታ በየቦታው ሰምቻለሁ። የአንድ ቀን አራስ ሦስት ሰዓት በእግር ስትሄድ ያየ ሰፈር፣ በሚቀጥለው «ቤቴ ይሻለኛል» ቢል እውነት አለው። ለመመለሻ በቅሎም ይሁን ባጃጅ ይዘጋጅ።

ስትወጣ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ደውሉላት። በሦስተኛው ቀን ቤቷ ድረስ ትሂድ፤ በሰባተኛው ቀን ትድገም። ፍራሹን ፀሐይ አስመቱት፣ አንሶላውን እጠቡ። መዝገቡን ገልጣችሁ በዚህ ሳምንት መግባት ኖሮባት ያልመጣችውን ፈልጉ፤ ዛሬውኑ ሰው ላኩባት።